ከመርከብ የወረደ ባል

«እኔማ ይሄዳል ብዬ ነበር» አለች ሚስቱ። ወጥ ቤት ሆና ከእህቷ ጋር በስልክ እያወራች ነው፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ካፒቴኑ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ኮሪደሩ መሃል እግሩ ቀጥ አለ። «ቦታው ተሰጥቶት፣ ሂድ ተብሎ፣ አልሄድም አለ። ለምን ብትይ፣ ለእኔ ብሎ! አትሳቂ እንጂ። ሃያ ምናምን ዓመት ብቻዬን የኖርኩ ሰው አሁን ቀኑን ሙሉ ከኋላ ከኋላዬ ሰው ሲከተለኝ ትንፋሽ ያጥረኛል። እንዴት ተብሎ ይነገረዋል? ገና መጥቶ ቁጭ ያለን ሰው መቼ ነው የምትሄደው ይባላል?»

«ካፒቴን» የሚሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው እንጂ እሱ ካፒቴን ሆኖ አያውቅም። የጭነት መርከብ ዋና መኮንን ነበር። ለካፒቴንነት አንድ ደረጃ ሲቀረው ግራ ጆሮው ደከመና የጤና ምርመራውን ማለፍ አቃተው። መጀመሪያ ሰሞን ያርማቸው ነበር፤ ግን ባለሱቁም ጎረቤቱም ካፒቴን ማለቱ ስለጣማቸው ሰለቸውና ተወው። ቀኝ ጆሮው ጤነኛ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የሰማውም በቀኝ ጆሮው ነው። በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወደ መኝታ ቤት ተመለሰና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ካልሲውን ይዞ የትኛውን እግሩን ሊያስቀድም እንደነበረ እስኪጠፋው ድረስ ቆየ። ከዚያ መንቃቱ እንዲታወቅ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ቁም ሳጥኑንም ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ወጥ ቤት ውስጥ የነበረው ድምፅ ዝቅ አለ። «በቃ፣ ኋላ እደውልልሻለሁ» ሲባል ሰማ።

ቁርስ ላይ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሻይ ነበር። ሚስቱ ጨው ልታወርድ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን በር ከፍታ እጇ አየር ላይ ቀረ። ባለፈው ወር ካፒቴኑ ወጥ ቤቱን በመርከብ ሥርዓት አሰናድቶት ነበር። ከባዱ ዕቃ ታች፣ ቀላሉ ላይ፤ ኩባያ ሁሉ በማንጠልጠያ፤ ብልቃጥ ሁሉ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል። ማዕበል ቢመጣ አንዲት ማንኪያ አትወድቅም። ሥራውን የጨረሰ ዕለት እጇን ይዞ አስጎብኝቷታል፤ እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላው ነበር። ለእንግዳ የሚባል ቃል መሆኑ ያኔ አልታየውም። ዛሬ ግን በገዛ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሰው ቤት እንደገባች ሴት ቆማ ሲያያት የያዘውን እንቁላል ሰሃኑ ላይ መለሰው።

«ሁለተኛው መደርደሪያ፣ በግራ በኩል» አለ።

«አየሁት» አለች።

ሽንኩርት እንደገና መወደዱን ነገረችው። እሱም የአውቶቡስ ታሪፍ ሊጨምር ነው መባሉን ነገራት። ከዚያ ሁለቱም ሻያቸውን አማሰሉ፤ ስኳሩ ከቀለጠ ቆይቷል። «ዛሬ ትምህርት አለህ?» አለችው። «አለኝ፤ ረቂቄን የማቀርበው ዛሬ ነው» አላት። «ጥሩ» አለች፤ ዓይኗ ግን የግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር። ሱቋን የምትከፍትበት ሰዓት ገና መሆኑን እሱም ያውቃል። የሰማሁትን ልንገራት ብሎ ዳር ዳር አለ፤ አፉ ላይ ሲደርስ ግን ወደ ሳል ለወጠው። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ከኋላው በሩ በቀስታ ሲዘጋ ሰማ። ሌላ ቀን ቢሆን ጆሮ የማይሰጠው ድምፅ ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ፣ ያለፈውን ሳምንት ነገር እያስታወሰ ፊቱ በእፍረት ጋለ። ከመርከብ ሲወርድ ኩባንያው ቢሮ ውስጥ ወንበር ሊሰጠው ነበር፤ እሱ ግን እንቢ ብሎ ሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገበ። የትምህርቱ ስም «የባሕር ሀብት አስተዳደርና የውቅያኖስ ጉዳዮች» ይባላል። ሲመዘገብ ግማሹን የማውቀው ነው ብሎ ነበር። ለካ እሱ የሚያውቀው የባሕሩን ጀርባ ኖሯል፤ ከታች ያለውንም፣ ዳር ላይ የሚኖረውንም ሰው አያውቅም። የዓሣ መራቢያ ወቅት፣ የአገሮች የባሕር ወሰን፣ የአጥማጆች መብት፣ ሁሉም አዲስ ሆነበት። ስታቲስቲክሱማ አንገቱን ይዞ አስጨንቆት፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ተማሪ ከክፍል በኋላ እየቆየች ባታስጠናው ኖሮ ወድቆ ነበር። ይህችን ልጅ ሁሉም «ጠያቂዋ» ይሏታል፤ አስተማሪ ሳይጠይቅ የማታልፍ ናት። ባለፈው ሳምንት የምርምር አማካሪያቸው፣ ዶክተሯ፣ ደሴት ላይ ሄዶ ለአራት ወር ከአጥማጆች ጋር የሚሠራ ሰው እንደሚያስፈልግና እሱን እንዳሰበችው በክፍሉ ፊት ተናገረች። እሱም ብድግ ብሎ፣ «ባለቤቴ በእኔ ምክንያት ብዙ ጊዜ ብቻዋን ኖራለች። አሁን ቤት የመቀመጥ ተራው የእኔ ነው» አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። አንዷማ ዓይኗን ጠረገች። ያ ጭብጨባ ነው አሁን አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ የሚጮህበት።

የሴሚናሩ ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ የሚያሳየው የማተሚያ ቤት ጓሮና የተቆለለ የካርቶን ብጣሽ ብቻ ነው፤ ባሕር የሚባል ነገር የለም። ካፒቴኑ ረቂቁን ግድግዳው ላይ እያበራ አቀረበ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እሱም እንደሚያምርበት ያውቃል። ደሴቷ አጠገብ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበት፣ ኮራል የሚባለው የባሕር ዐለት የበቀለበት ዳርቻ አለ፤ ዓሣው በሚራባበት ወቅት ይዘጋ፣ መግቢያው ላይ ተንሳፋፊ ምልክት ይደረግ፣ ጠባቂ ጀልባ ይመደብ ይላል። ካርታውን ራሱ ነው የሣለው፣ ጥልቀቱ ሁሉ በሰማያዊ ተለይቶ። ሲጨርስ ጠያቂዋ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ካርታው በጣም ያምራል» አለች። «ግን እዚያ የሚያጠምዱት ሰዎች እንዲዘጋ ይፈልጋሉ?»

«ዓሣው ሲበዛ የሚጠቀሙት እነሱው ናቸው» አለ ካፒቴኑ። «ለእነሱው ተብሎ ነው።»

«ገብቶኛል። ጠይቀዋቸዋል ወይ ነው ያልኩት።»

አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። እሱ ወረቀቱን አገላበጠ፤ እዚያ ውስጥ የሌለ ነገር እንደሆነ ያውቃል። «ኋላ ይነገራቸዋል» አለ በመጨረሻ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችና፣ ያ ክፍል እንደገና እንደሚጻፍ፣ ከመጀመሪያው እንደሚጀመር ነገረችው። አልተቆጣችም። እሱም አልተከራከረም። ወትሮ ቢሆን ይህን ነገር ይዞ ቤቱ ገብቶ ሲብሰለሰል ይውል ነበር፤ ዛሬ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ስለነበረ አልፎት ሄደ።

ከክፍል በኋላ ዶክተሯ ቢሮ ገባ። ቢሮዋ ጠባብ ናት፤ የዓሣ ናሙና የተቀመጠባቸው ብልቃጦች መጻሕፍቱን ገፍተው ግማሽ መደርደሪያ ይዘዋል። ዶክተሯ ከእሱ በዕድሜ ታንሳለች፤ ግን ፊቷ ሲቆም ወጣት መኮንን በነበረ ጊዜ ካፒቴን ፊት እንደሚቆመው ነው፣ እጁን ወደኋላ አድርጎ።

«የደሴቱን ነገር ሊነግሩኝ ከሆነ ሌላ ሰው እየፈለግኩ ነው» አለችው።

«አይፈልጉ። እኔ እሄዳለሁ።»

ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። «ባለቤትዎስ?»

«ደስ ይላታል» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ መረረው።

ዶክተሯ ትንሽ አየችው። መነጽሯንም መልሳ አደረገች። የተጓዡን ስም ወደ ምርምር ጣቢያው የምትልከው አሥር ሰዓት ላይ መሆኑን፣ እስከዚያ ሐሳቡን ከቀየረ እንዲደውልላት ነገረችው። «አልቀይርም» ብሎ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ የድል ስሜት ተሰማው። ይኸው ሄድኩልሽ፣ እንደ ፍላጎትሽ አደረግኩልሽ የሚል፣ ከሆድ መባስ የሚወለድ ድል። ግቢው በር ላይ ሳይደርስ ግን ያ ስሜት ተነነና የሚሄድበት የጠፋው ሰው ሆኖ ቆመ። ቤት ቢሄድ ማንም የለም። ቤተ መጻሕፍት ቢገባ አያነብም። እግሩ ወደ ሚስቱ ሱቅ ወሰደው።

ሚስቱ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ አላት። የሱሪ እግር ታሳጥራለች፣ ወገብ ታጠባለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ሱቁን ከከፈተች ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን ለእረፍት ሲመጣ ትዘጋው ስለነበረ ውስጡ የገባው አንዴ ወይ ሁለቴ ቢሆን ነው። አሁንም ወዲያው አልገባም። ከሱቁ መስተዋት ውጭ፣ በሩ አጠገብ ከሚሠራ ሰዓት ጠጋኝ ጠረጴዛ ጎን ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። አንዲት ነርስ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ወንበር ላይ ቆማለች፤ ሚስቱ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ ጫፉን እየለካች ነው። ነርሷ አንድ ነገር አለች። ሚስቱ ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አደረገችና ወገቧን ይዛ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ካፒቴኑ ይህን ሳቅ አያውቀውም። በየወደቡ ሆኖ ሲናፍቃት የኖረው ሌላ ሳቅ ነበር፣ አፍን በእጅ ሸፈን አድርጎ የሚሳቅ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለው ሰዓት ጠጋኙ፣ አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«ባለሱቋን። ባለቤቴ ናት።»

«ካፒቴኑ ነዎት?» ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። «አይፍረዱብኝ፣ እኛ እኮ በፎቶ ብቻ ስለምናውቅዎት እውነት ሰው መሆንዎን አንዳንዴ እንጠራጠራለን።»

ሲገባ ሳቁ ታጥፎ ተቀመጠ። ነርሷ ሰላም ብላው ጋዋኗን አውልቃ ሄደች። ሚስቱ መጀመሪያ ደነገጠች። «ምን ሆንክ? አመመህ?» አለችው። ምንም እንዳልሆነ ሲነግራት በቁርጥራጭ ጨርቅ የተሞላውን ወንበር አራግፋ ሰጠችው። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ጉልበቱ ከስፌት መኪናው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። ዙሪያውን አየ። መቀሱ፣ ሜትሩ፣ የክሩ ጥቅል፣ ሁሉም እጇ በሚደርስበት ቦታ ተበታትኗል፤ ሲያዩት የተዝረከረከ ነው፣ እሷ ግን ዓይኗን ሳታነሣ የፈለገችውን ታነሣለች። ላስተካክልልሽ የሚል ሐሳብ ብልጭ ሲልበት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ረቂቅህስ እንዴት ሆነ?» አለች መኪናውን እያንቀሳቀሰች።

ዋናውን ነገር መጀመር ስላቃተው ስለ ረቂቁ ነገራት። ለምን እንደሚማር እንጂ ምን እንደሚማር ቤት ውስጥ አውርተው አያውቁም። እሷ አልጠየቀችም፣ እሱም አይገባትም ብሎ ትቶት ነበር። ስለ ኮራሉ፣ ዓሣው ለምን ያንን ቦታ ብቻ እንደሚመርጥ፣ ካርታውን ስንት ቀን እንደሣለው ነገራት። ስለ ጠያቂዋም ነገራት። «ሰዎቹን ጠይቀሃቸዋል ወይ ብላ በሰው ፊት አፋጠጠችኝ።»

መኪናው ቆመ። «ምን አልካት?»

«ለእነሱው ጥቅም ነው አልኳት። ኋላ ይነገራቸዋል አልኩ።»

ሚስቱ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳታወጣ ቀና ብላ አየችው። ብዙ አየችው። ያኔ እሱ የተናገረውን መልሶ ሰማው፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያልሰማውን። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ።

«ጠዋት ሰምቼሻለሁ» አለ። «ከእህትሽ ጋር ስታወሪ።»

መንገዱ ላይ አንድ መኪና ጡሩምባ እየነፋ አለፈ። ሚስቱ እጇን ጨርቁ ላይ እንዳደረገች ቀረች። አላለቀሰችም፣ አልካደችምም። «መስማትህ ደግ አይደለም» አለች። «ግን አልኩት።»

«አትፈልጊኝም ማለት ነው?»

«እሱን አላልኩም። ቃል አትጨምርብኝ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ድሮ ስትመጣ እንግዳ ነበርክ። ለእንግዳ ሰው ይዘጋጃል፣ ያጌጣል፣ ሱቁን ይዘጋል፣ ከዚያ አልቅሶ ይሸኛል። እሱን እችልበት ነበር። አሁን እንግዳ አይደለህም፤ ቤተኛም ገና አልሆንክም። ምን እንደማደርግህ ነው የጠፋኝ።» ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። «እሱም ግድ የለም፣ ይለመዳል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ድሮ ስትሄድ ሳትጠይቀኝ ሄድክ። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ለልጃችን ትምህርት ነው አልክ፤ እሺ አልኩ። አሁን ደግሞ ሳትጠይቀኝ ቀረህ። የሰፈሩ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመኝ ‘ታድለሽ፣ ለአንቺ ብሎ እኮ ነው የቀረው’ ይለኛል። ለእኔ ተብሎ የተደረገውን መጨረሻ የምሰማው እኔ ነኝ።»

ካፒቴኑ ሱሪው ላይ የተጣበቀ የክር ቁራጭ አነሣ። የሚያስተባብለው ቢያገኝ ይሻለው ነበር። የባሰው ደግሞ ገና ያልነገራት ነገር መኖሩ ነው፤ ያንን ደብቆ ዛሬ ቤቱ መግባት እንደማይችል ገባው። «ሌላም አለ» አለ። «ቅድም ዶክተሯ ቢሮ ገብቼ እሄዳለሁ አልኳት።»

«መቼ ቅድም?»

«ከክፍል እንደወጣሁ። ተናድጄ ነበር።»

ሚስቱ ወንበሯ ላይ ወደኋላ ተደገፈች። መጀመሪያ የተቆጣች መሰለው። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ሳቀች፤ በመስተዋቱ ያየው ሳቅ ባይሆንም የእሱ ዘመድ ነበር። «ባለፈው ሳምንት አልሄድም፣ ዛሬ እሄዳለሁ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሁለቴ ተወሰነልኝ እኮ በስምንት ቀን ውስጥ!»

እሱም ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ሲረግብ፣ በጋብቻ ዘመናቸው ሁሉ እንዴት ሳይለው እንደቀረ እየገረመው፣ «አንቺ ምንድነው የምትፈልጊው?» አላት።

ጥያቄው ለሌላ ሰው የተጠየቀ ይመስል ወደ በሩ ዞር አለች። የእግር ጣቶቿን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሣች። «አላውቅም» አለች። «ብትሄድ ቤቱ ይሰፋኛል። ብትሄድ ደግሞ እንደ ድሮው ሊሆን ነው ብዬ ሆዴ ይባባል። ሁለቱም አለ። ላስብበት።»

«እስከ አሥር ሰዓት ነው የሰጡኝ።»

«እኔ ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። እነሱም ትንሽ ይጠብቁ» ብላ አንድ የሱሪ እግርና ምላጭ ሰጠችው። «ዝም ብለህ አትቀመጥ፣ ይሄን ተርትርልኝ። ጨርቁን እንዳትነካ።»

መተርተር ጀመረ። ወፍራም ገመድ ሲቋጥርና ሲፈታ የኖረ እጅ ለቀጭን ክር አልታዘዝ ብሎት ሁለቴ ጨርቁን ሊበጥስ ነበር፤ እሷም ሁለቴ አየችውና አላረመችውም። ስለ ደሴቷ እየቆየች አንድ አንድ ነገር ጠየቀችው። ውሃ አለ? ስልክ ይሠራል? የአጥማጆቹ ሚስቶች ምን ይሠራሉ? የመጨረሻውን እንደማያውቅ ነገራት። ደንበኞች ገቡ፣ ወጡ። አንዷ «ሠራተኛ ቀጠርሽ?» ስትላት «ለሙከራ ነው» አለቻት። ሰዓት ጠጋኙ በመስተዋቱ እያየ በራሱ ፈገግ ይላል። ጠዋት ቁርስ ላይ የነበረው ዝምታ እዚህም ነበር፤ ግን አሁን ማናቸውም ዝምታውን ለመሸፈን ሻይ ማማሰል አላስፈለጋቸውም።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቶ አየውና የዶክተሯን ቁጥር ለሚስቱ አሳያት።

«አንሣው እንጂ» አለችው።

«ምን ልበላት?»

ሚስቱ ትንሽ አሰበች። «እያሰበች ነው በላት።»

ካፒቴኑ ስልኩን ወደ ቀኝ ጆሮው ወሰደ። ዶክተሯ ስሙን ልትልክ መሆኑን ነገረችው፤ ያው እንዳሉኝ ነው አይደል ብላም ጠየቀችው። «አይደለም» አለ። «ጠዋት የነገርኩዎት እኔ ብቻዬን የወሰንኩትን ነበር። ባለቤቴ እያሰበችበት ነው።» ቦታው ለሌላ ሰው ሊሰጥ እንደሚችል ያውቃል፤ ይሰጥ ብሎ ጠበቀ። ዶክተሯ የሆነ ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማው፤ ከዚያ አንድ ሁለት ቃል ተናገረችና ተሰናበተችው።

«ምን አለች?»

«ከሰኞ በላይ አልጠብቅም አለች።»

«ሰኞ ይበቃኛል» አለች ሚስቱ፤ የስፌት መኪናውንም አስነሣችው።

ወዴት እንዳደላች ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋውና አጎንብሶ ቀጣዩን ክር ፈለገ።